ነባሩን ሳያፈናቅሉ

(አዲስ አበባ፣ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ቢሮ። ታላቁ ጃቫ የተማሩት አንድሮይድ ገና ሳይወጣ ነው፤ ታናሿ የምትጽፈው ኮትሊን ብቻ ነው። ፊታቸው የተከፈተው ሌሎች ጽፈውት የሄዱት የገንዘብ መላኪያ አፕ ኮድ ነው።)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ካለዎት። ደንበኛው አፑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ በተን ስንት ጊዜ እንደሚጫን ማወቅ ይፈልጋል። በተኖቹ ብዙ ናቸው፣ የጻፏቸው ሰዎች ደግሞ ለቀዋል። አጭር መንገድ አስቤአለሁ። ገጹ ሲከፈት ቪውዎቹን ከላይ እስከ ታች በሉፕ እዞርና በተን ባገኘሁ ቁጥር የቆጠራ ሊስነር እተክልበታለሁ።

ታላቅ፦ ከዚያ «ላክ» የሚለው ሲጫን ብሩ ይሄዳል?

ታናሽ፦ እሱን አስቤበታለሁ። «ሴትኦንክሊክሊስነር» ነባሩን እንደሚተካ አውቃለሁ። ስለዚህ የነበረውን አወጣና በራሴው ሊስነር ውስጥ እጠቀልለዋለሁ። መጀመሪያ ቆጥሬ፣ ከዚያ እሱን እጠራዋለሁ።

ታላቅ፦ መጠቅለሉ ትክክል ነው። የነበረውን ግን ከየት ታወጪዋለሽ?

ታናሽ፦ ከቪውው ነዋ! ... ቆይ። «ጌት» የሚል የለውም እንዴ? «ሃዝኦንክሊክሊስነርስ» ብቻ ነው የማየው።

ታላቅ፦ እሱ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ ነው የሚመልስልሽ፤ ማን እንደሆነ አይነግርሽም። እሱም ቢሆን የመጣው በኤፒአይ 15፣ በአንድሮይድ 4.0.3 ነው። ከዚያ በፊት መኖሩንም መጠየቅ አይቻልም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው መንጠቆ አንድ ነው፤ አዲስ ጋቢ ስትሰቅይበት አሮጌው ይወድቃል። በ2008 ከወጣው የመጀመሪያ እትም ጀምሮ የአንድሮይድ ቪው ለክሊክ ያለው ቦታ ይኸው ነው። በኤክስኤምኤሉ ላይ «ኦንክሊክ» ተብሎ የተጻፈውም እዚያችው ነው የሚቀመጠው፤ ኮዱ በኋላ ሌላ ሲተክል እሱም ይጠፋል። ኮምፓይለሩ አይቆጣሽም፣ ሎጉም ላይ ምንም አይወጣም።

ታናሽ፦ በሪፍሌክሽንስ? ቪው ውስጥ «ኤምሊስነርኢንፎ» የሚባል የተደበቀ ፊልድ አለ፤ ሊስነሩ ከሱ ውስጥ ነው ያለው።

ታላቅ፦ አለ፤ ግን የሰው ጓዳ ነው። ጉግል ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ፣ ከ2018 ማለት ነው፣ ለውጭ ሰው ያልተፈቀዱትን የውስጥ ፊልዶችና ሜተዶች በሪፍሌክሽን መንካትን መገደብ ጀምሯል። ዛሬ የከፈትሽው በሚቀጥለው እትም ሊዘጋብሽ ይችላል። ገንዘብ የሚያስተላልፍ አፕ በዚህ ላይ አይመሠረትም።

ታናሽ፦ ግን ለምን እንዲህ አጠበቡት? ዌብ ላይ «አድኢቨንትሊስነር» እያልኩ የፈለግሁትን ያህል እደርባለሁ። አይኦኤስም ላይ ለአንድ በተን «አድታርጌት» ደጋግሞ መጥራት ይቻላል።

ታላቅ፦ ስዊንግም እንደዚያ ነበር፤ በተኑ የሊስነሮች ዝርዝር ነበረው። ዝርዝሩን የሚጠራው ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። «መጀመሪያ ያስገባሁት መጀመሪያ ይሠራል» ብሎ የጻፈ ሰው ኮዱ ተገልብጦ ሲሠራ ያገኘዋል። ዝርዝር ነፃነት ይሰጥሻል፣ የራሱን ጣጣም ይዞ ይመጣል፦ ማን መጀመሪያ፣ ማን ሁለቴ ገባ፣ ሳይወጣ የቀረው የማን ነው። አሁን ይቺን የግብይት ዝርዝር ገጽ እዪያት። ሪሳይክለርቪው ነው፤ ስክሮል ሲደረግ ያው ረድፍ ተመልሶ ሌላ መረጃ ይሞላበታል። ረድፉ በተሞላ ቁጥር ሊስነር «የሚጨመር» ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከተሄደ በኋላ አንዲት ንክኪ ስድስት ሰባት ሥራ ትቀሰቅስ ነበር። «የሚተካ» በመሆኑ የፈለገውን ያህል ቢደጋገም የመጨረሻው ብቻ ይቀራል። እኔ ይሄን ጥበብ ነው የምለው።

ታናሽ፦ እኔ ግማሽ ጥበብ ነው የምለው። ጥበብ ቢሆንማ እነሱ ራሳቸው ሌላ ቦታ ላይ ባልተዉት። ቪውፔጀር፣ ታብሌአውት፣ ድሮወርሌአውት ሁሉም በ«ሴት» ጀምረው ወደ «አድ» ዞረዋል። የሪሳይክለርቪውም የስክሮል ሊስነር እንዲሁ ነው፤ አሮጌው ዛሬ ላዩ ላይ መስመር ተሰርዞበት ነው የሚታየኝ።

ታላቅ፦ እውነትሽን ነው። ክሊክን ግን አልነኩትም። ስለዚህ ባለን እንሥራ።

ታናሽ፦ እሺ፣ ሌላ መንገድ ላምጣ። ክሊኩን ትቼ ንክኪውን ብይዝስ? የታች ሊስነር የራሱ ቦታ አለው፣ የክሊኩን አይሻማም። ጣት ሲያርፍ እቆጥራለሁ፣ «ፎልስ» እመልሳለሁ፣ ነገሩ ወደ ክሊኩ ይቀጥላል።

ታላቅ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው፤ መጀመሪያ ስታዪው ንጹሕ ይመስላል። አንደኛ፣ ክሊክ ማለት ጣት ማረፉ አይደለም። ጣቱ ሲነሳ፣ ያውም በተኑ ላይ እንዳለ ሲነሳ ነው። ሰው በተኑ ላይ ጣቱን አሳርፎ ገጹን ወደ ላይ ሲገፋ አንቺ ክሊክ ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ። ሐሳቡን ለውጦ ጣቱን ወደ ጎን አንሸራቶ ያነሳውም እንደዚያው ይቆጠራል። «ላክ» ላይ ደግሞ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ብዙ ነው።

ታናሽ፦ ታዲያ ሲነሳ ልቁጠራ። ቦታውንም አይቼ።

ታላቅ፦ ያኔ ቪው ውስጥ ያለውን ሙሉ የክሊክ ፍርድ በራስሽ እንደገና ልትጽፊ ነው። ይሁን፣ ጻፊው። ቶክባክ የሚጠቀመውን ሰውስ ምን ታደርጊዋለሽ? ማየት የተሳነው ተጠቃሚ በተኑን መርጦ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ መታ ሲያደርግ፣ በተኑ ዘንድ የሚደርሰው «ክሊክ አድርግ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ «ፐርፎርምክሊክ» ይጠራል። ጣት በተኑ ላይ አላረፈም፣ የታች ሊስነርሽም አልሰማም። በስዊች የሚሠራው፣ ኪቦርድ ሰክቶ ኢንተር የሚጫነውም እንዲሁ። የቆጠራ ጉዳይ ስለሆነ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል፤ ግን እነዚህ ሰዎች ከሪፖርቱ ይጠፋሉ። ከዚያ አንዱ ሥራ አስኪያጅ «ይሄን ገጽ በቶክባክ የሚጠቀም የለም» ይልና በጀቱን ይቆርጠዋል። ዘልማድ ሆኖብሽ ነገ በንክኪው ላይ የማረጋገጫ ጥያቄ ብትጨምሪበትስ? ለሚያየው ይጠይቃል፣ ለማያየው ሳይጠይቅ ይልካል።

ታናሽ፦ አሁን ገባኝ። አንድሮይድ ስቱዲዮም የታች ሊስነር ስጽፍ ቢጫ እያሰመረ የሚጨቀጭቀኝ ስለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ዝም አሰኘዋለሁ።

ታላቅ፦ ሁሉም ዝም ያሰኘዋል።

ታናሽ፦ እንግዲያው ሁሉም መንገድ የሚገናኘው «ፐርፎርምክሊክ» ላይ ከሆነ፣ እዚያው ልቁም። የራሴን የበተን ክላስ እጽፍና «ፐርፎርምክሊክ»ን ኦቨርራይድ አደርገዋለሁ።

ታላቅ፦ ይሻላል። ግን ሜተዱን ክፈቺና ውስጡን እዪው። ሊስነሩን መጥራት ብቻ አይደለም ሥራው። ሊስነር ካለ የክሊኩን ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ሊስነሩን ይጠራል፣ በመጨረሻም «ቪው ተጫነ» የሚል መልእክት ወደ ተደራሽነት አገልግሎቶቹ ይልካል። «ሱፐር»ን ረስተሽ የራስሽን ብቻ ከጻፍሽ ሁሉም ይቀራል። ቼክቦክስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ምልክቱን የሚገለብጠው መስመር ያለው በራሱ «ፐርፎርምክሊክ» ውስጥ ነው። «ሱፐር» ካልተጠራ ሰውየው «ውሉን ተስማምቻለሁ» የሚለውን እየተጫነ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል።

ታናሽ፦ ሱፐርን እጠራለሁ። ግን አልወደድኩትም፤ ሊስነር የሌለው በተንም ሲነካ ይቆጠራል። እኔ የምፈልገው ሥራ ያለበትን ነው። ቢቀየርስ? ክላሱ ውስጥ «ሴትኦንክሊክሊስነር»ን ራሱን ኦቨርራይድ ባደርገውስ? ማንም ሊስነር ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ እቀበለውና ጠቅልዬ አስገባዋለሁ። የነበረውን ማውጣት አይጠበቅብኝም፣ ገና ሲገባ ይዤዋለሁ።

ታላቅ፦ ይሄ ነው። ይሄን አላሰብኩትም ነበር፤ እኔ «እያንዳንዱን ሊስነር በተጻፈበት ቦታ ሄደሽ ጠቅልይ» ልልሽ ነበር።

ታናሽ፦ እሱማ ለአዲስ አፕ ጥሩ ነው። እዚህ ግን በየፋይሉ ከገባሁ አንዱን እረሳለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም ይረሳል። በተኖቹንም አንድ በአንድ መቀየር አያስፈልግም። የአፕኮምፓት ቴም ላይ «ቪውኢንፍሌተርክላስ» የሚል ቦታ አለ። ማቴሪያል ራሱ ኤክስኤምኤሉ ላይ «በተን» ያልነውን በእጅ አዙር ወደ ማቴሪያልበተን የሚለውጠው በዚያ ነው። እኔም በዚያው በር ወደ ራሴ ክላስ እለውጠዋለሁ። ሙሉ ስሙን ከነፓኬጁ ጠቅሰው የጻፏቸውን አይነካቸውም፤ እነሱን ፈልጌ እለውጣለሁ።

ታላቅ፦ ሁለት ወጥመድ ላሳይሽ፤ ከዚያ ጻፊው። የመጀመሪያው፦ በኤክስኤምኤል የተጻፈው «ኦንክሊክ» የሚተከለው መቼ ነው?

ታናሽ፦ ቪውው ሲፈጠር፣ ኮንስትራክተሩ ውስጥ።

ታላቅ፦ የማን ኮንስትራክተር?

ታናሽ፦ የቪው። የአያቱ። ... ኦ! የአያቱ ኮንስትራክተር «ሴትኦንክሊክሊስነር»ን ሲጠራ የሚሠራው የእኔ ነው፤ የእኔ ፊልዶች ግን ገና አልተሞሉም። ቆጣሪውን ፊልድ ላይ ካስቀመጥኩት ኮትሊን «ባዶ አይሆንም» ብሎ የማለልኝ ነገር ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ታላቅ፦ አፑ ገጹን ሲከፍት ይወድቃል፤ ያውም በኤክስኤምኤል «ኦንክሊክ» ያለባቸው ገጾች ላይ ብቻ፣ የቀሩት እየሠሩ። ስለዚህ ቆጣሪውን ሲተከል ፊልድ ላይ አትፈልጊው፤ ክሊኩ ሲመጣ ፈልጊው። ሁለተኛው ባዶው ነው። አንድ ሰው «ናል» ቢልክልሽስ?

ታናሽ፦ ማለት ሊስነሩን ሲያነሱት? ጠቅልዬ ... አይ፣ ባዶ ከመጣ ባዶ አሳልፍና የሚጫን መሆን አለመሆኑን ወደነበረበት እመልሳለሁ።

ታላቅ፦ ለምን እንደሆነ ልብ ብለሻል? «ሴትኦንክሊክሊስነር» ባዶ ቢሰጠውም እንኳ ቪውውን «የሚጫን» ያደርገዋል። ለበተን ልዩነት የለውም፣ እሱ ቀድሞም የሚጫን ነው። ነገ ግን ይሄንኑ ዘዴ ለቴክስትቪው ታውዪዋለሽ። ረድፉ በሙሉ እንዲጫን ተደርጎ ሳለ ውስጡ ያለው ጽሑፍ ባዶ የተጠቀለለበት ሊስነር ካለው፣ ንክኪውን ጽሑፉ ውጦ ያስቀረዋል። ተጠቃሚው የሰው ስም ላይ ሲጫን ምንም አይሆንም፣ ከስሙ ጎን ባዶው ቦታ ላይ ሲጫን ይከፈታል። እንዲህ ያለ ባግ ቴስተር ሲያገኘው ስልኩን ነው የሚጠረጥረው።

ታናሽ፦ ፍላተር ላይ ይሄው አለ፣ ሌላ መልክ ይዞ። እዚያ «ኦንፕረስድ» ባዶ ከሆነ በተኑ ራሱ ይደበዝዛል፣ አይሠራም ማለት ነው። በቆጠራ ፈንክሽን ሲጠቀለል ግን ባዶ መሆኑ ይቀራል፤ ፎርሙ ሳይሞላ «ቀጥል» በደማቁ በርቶ ይቆማል። ስትጫነው ይቆጥራል፣ ሌላ ምንም የለም።

ታላቅ፦ ኮምፖዝስ? እናንተ ልጆች ሁሉንም ወደሱ እያዞራችሁ አይደል።

ታናሽ፦ ኮምፖዝ ላይ ሊስነር የሚባል የሚተከል ነገር የለም፤ ኦንክሊክ ለኮምፖነንቱ የሚሰጠው ፈንክሽን ነው። ስለዚህ የራሴን «የሚቆጥር በተን» ጽፌ የመጣውን ፈንክሽን ውስጡ እጠራለሁ፤ አለቀ። የሚያሳስተው «ክሊከብል» የሚለውን ሞዲፋየር በነባሩ ላይ መደረቡ ነው። ሁለቱም የሚሠሩ ይመስላል፤ የውስጠኛው ንክኪውን ይወስደዋል፣ የውጪው ባዶ እጁን ይቀራል። ለዚህ አፕ ግን አያገለግለንም፣ ሁሉም በድሮው ቪው ነው የተጻፈው።

ታላቅ፦ ወደሱ እንመለስ። ጥቅልሉ ውስጥ ምን ትጽፊያለሽ?

ታናሽ፦ ቆጠራ፣ ቀጥሎ ነባሩ ሥራ።

ታላቅ፦ ቆጠራው ኤክሴፕሽን ቢወረውር?

ታናሽ፦ ነባሩ አይጠራም፣ አፑም ይወድቃል። ትራይካች እከበዋለሁ።

ታላቅ፦ ቆጠራውን ብቻ። ነባሩን አብረሽ ከከበብሽው የሱን ስሕተት ልትደብቂ ነው፤ ብሩ ያልሄደበት ምክንያት ክራሽ ሪፖርት ላይ ሳይታይ ይቀራል። ሌላው ደግሞ፣ ክሊክ የሚሠራው በዋናው ትሬድ ላይ ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ለአንዱ ፍሬም ያለው 16 ሚሊሰከንድ ግድም ነው። በየክሊኩ ፋይል ላይ የምትጽፊ፣ ሰርቨር የምትጠብቂ ከሆነ ቆጠራሽ አፑን ያንቀራፍፈዋል፤ አምስት ሰከንድ ካስጠበቀማ አንድሮይድ ራሱ «አፑ ምላሽ እየሰጠ አይደለም» ይላል። ወረፋ ላይ ጣይውና ውጪ።

ታናሽ፦ ከዚሁ ጋር ደንበኛው ያማረረበትን ሌላ ነገር ላስገባ ነበር። ኔትወርኩ ሲዘገይ ሰው «ላክ»ን ደጋግሞ ይጫነዋል፣ ሁለቴ ይላካል። ጥቅልሉ ውስጥ ካለፈው ክሊክ ግማሽ ሰከንድ ካልሞላ ነባሩን አልጠራም።

ታላቅ፦ በየትኛው ሰዓት ነው የምትለኪው?

ታናሽ፦ በ«ከረንትታይምሚሊስ» ... አይ፣ እሱ የስልኩ ሰዓት ሲስተካከል ወደ ኋላ ሊዘል ይችላል። «ኢላፕስድሪልታይም»፤ ስልኩ ከበራ ጀምሮ ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው።

ታላቅ፦ ጥሩ። ግን ለደንበኛው «ሁለቴ መላክ ቆመ» እንዳትይው። ግማሽ ሰከንድ ጠብቆ የሚጫን ሰው አለ፤ አፑን ዘግቶ ከፍቶ የሚልክም አለ። ያንን የሚያስቆመው ሰርቨሩ ነው፦ ለእያንዳንዱ የመላክ ሙከራ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጥና ያው ቁጥር ዳግም ሲመጣ «ይሄን ተቀብዬዋለሁ» ይላል። የአንቺ ጥቅልል ጫናውን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ገንዘብ የሚጠብቅ ነገር በተን ላይ ብቻ ሲቀመጥ አልወድም።

ታናሽ፦ ይገባኛል። ቆጠራው ግን ከማገጃው ፊት ይሁን ወይስ ኋላ? እኔ ፊት እላለሁ። የታገዱትንም እቆጥራለሁ፣ ለየብቻ። «ላክ» ላይ ለአንድ ያለፈ ክሊክ አራት የታገዱ ካሉ፣ ሰው እዚያ ገጽ ላይ እየተንገላታ ነው ማለት ነው። ገጹ «እየተላከ ነው» ብሎ አላሳየውም።

ታላቅ፦ ይሄ ደንበኛው ከጠየቀው ይበልጣል። ስሙን ብቻ አስተካክይ። «ላክ ተጫነ» ነው የምትመዘግቢው፣ «ብር ተላከ» አይደለም። ብር መላኩን የሚያውቀው የሰርቨሩ መልስ ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሪፖርት አይቼ አውቃለሁ፣ ሽያጩ በወረቀት ላይ ብቻ ያደገ።

ታናሽ፦ ቴስቱን እንዲህ አስቤዋለሁ። በተኑን ፈጥሬ ነባር ሊስነር እተክላለሁ፣ «ፐርፎርምክሊክ» እጠራለሁ፤ ነባሩ አንዴ፣ ቆጠራውም አንዴ መጠራቱን አያለሁ። ቆጣሪው ሆን ብሎ ሲወድቅ ነባሩ መሥራቱን። ቴክስትቪው ባዶ ሲላክለት የማይጫን ሆኖ መቅረቱን። ያው ረድፍ ሁለቴ ሲሞላ ቆጠራው አንድ ብቻ መሆኑን። በኤክስኤምኤል «ኦንክሊክ» ያለው ገጽ ሳይወድቅ መከፈቱን።

ታላቅ፦ «ኮልኦንክሊክ»ን በቴስት ውስጥ እንዳትጠቀሚ። እሱ ሊስነሩን ብቻ ነው የሚጠራው፤ ድምፁም የተደራሽነት መልእክቱም የለበትም። ሰው ከሚያልፍበት መንገድ አጠር ይላል።

ታናሽ፦ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የምስጢር ቁጥር ማስገቢያው ገጽ ላይ ያሉት አሥር ቁጥሮችም በተን ናቸው። በዚያው በር ስለሚገቡ ጥቅልሉ እነሱንም ይይዛቸዋል።

ታላቅ፦ በአንድ ክሊክ ምን ምን ትመዘግቢያለሽ?

ታናሽ፦ የበተኑን መለያ ስምና ሰዓቱን። «ፒን 7»፣ «ፒን 2»፣ «ፒን 2» ... ጋሼ፣ የሰውን ምስጢር ቁጥር በቅደም ተከተል ለስታቲስቲክስ ሰርቨር ልልክ ነው!

ታላቅ፦ ምን ይሻላል ትያለሽ?

ታናሽ፦ የፒን ገጹን ብቻ ባወጣ ነገ ሌላ ሰው ሌላ የፒን ገጽ ይጽፋል። ስለዚህ ልገልብጠው፦ ኤክስኤምኤሉ ላይ የቆጠራ ስም የተሰጠው በተን ብቻ ይቆጠር፤ ስም የሌለው ሥራውን እየሠራ ሳይቆጠር ይለፍ። ሰው ቢረሳ የሚጎድለው ቁጥር ነው እንጂ የሚወጣ ምስጢር የለም። ደንበኛው ግን «ሁሉም በተን» ነበር ያለው።

ታላቅ፦ የሚቆጠሩትን በስም ዘርዝሪና ይዘሽለት ሂጂ፤ የፒን ገጹ ለምን እንደሌለበት በአንድ መስመር ጻፊበት፣ ያንን አይቶ ይፈርም። ኮዱን ከዚያ በኋላ አይልሻለሁ።